የነዳጅ ማስተካከያ የሌለው አነስተኛ ጄኔሬተር ሲንተፋተፍ

ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ የሚንተፋተፍ አነስተኛ የቤንዚን ጄኔሬተር፣ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) የነዳጅ ማስተካከያ ብሎን ከሌለው፣ የሚድነው በማጽዳትና በመፈተሽ ነው። በቅድሚያ ለወራት የቆየ ቤንዚን ካለ ቀድቶ በአዲስ መተካት፣ የአየር ፊልትሮውን ማየት፣ ካንዴላውንም ፈትቶ መመልከት ይገባል፤ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ነዳጅ መብዛቱን ያመለክታል።

ከሁሉ የሚያዋጣው ግን የቾክ (የአየር መግቢያ መዝጊያ) ፈተና ነው። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ቾኩን በከፊል ሲዘጉት ድምፁ ከተስተካከለ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የነዳጅ ቀዳዳው በቤንዚን ዝቃጭ በመደፈኑ፣ አልፎ አልፎም በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አየር በማስገባቱ የሚመጣ ነው።

ለማጽዳት ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የነዳጁ መዝጊያ ይዘጋ፣ የካንዴላው ገመድ ይነቀል፤ በአካባቢውም እሳት አይኑር። ከካርቡራተሩ ሥር ያለው ኩባያ ከተፈታ በኋላ መሐል ላይ የምትገኘውን የነዳጅ ቀዳዳ ያላት የነሐስ ብሎን በልኳ ካቻቢቴ አውጥቶ ወደ ብርሃን ማንሳት ነው፤ ክብ የብርሃን ነጥብ ካልታየባት ተደፍናለች። ከኤሌክትሪክ ገመድ በተመዘዘ ቀጭን የመዳብ ክር መጥረግ ይበቃል። በመርፌ የሚጎረጉሩ ሰዎች ቀዳዳዋን ስለሚያሰፏት፣ ሞተሩ ከዚያ በኋላ ያለ ልክ ነዳጅ ይጠጣል። ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሠራ የምታገለግለውን ሌላኛዋን ጠባብ ቀዳዳ ብዙዎች ይረሷታል፤ የመንተፋተፉ መነሻ ግን ብዙ ጊዜ እርሷ ናት።

ተገጥሞ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋ ከሆነ፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ክዳን ላላ አድርጎ መሞከር ይገባል፤ የክዳኑ አየር ማስገቢያ ሲደፈን ቤንዚኑ አይወርድም።