አሮጌ በር ባንኮኒ ሲሆን፦ በትንሽ ገንዘብ የቤዝመንት ባር አሠራር

አሜሪካ ቤት የገዛ ሐበሻ ቤዝመንቱን ብዙ ጊዜ ወይ ያከራየዋል፣ ወይ ሻንጣ፣ ብስክሌትና የድግስ ድስት ያጭቅበታል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ሰው ኩሽና ውስጥ ይጋፋል። ታች ትንሽ ባር ቢኖር ግማሹ ሰው በገዛ እግሩ ይወርዳል። የቅዳሜ ማለዳውን የእንግሊዝ ኳስ ለሚያዩማ የተለየ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ጠዋት 7፡30 ነው። በዚያ ሰዓት ባሩ የሚያቀርበው ቡናና ፍርፍር ቢሆንም ባር ባር ነው።

በጀት የሚያናጋው እንጨቱ አይደለም፣ ውሃው ነው። ሲንክ ላስገባ ያላችሁ ቀን ሊሾ መስበር፣ ቧንቧ መዘርጋትና ፈቃድ ማውጣት ይመጣል። የቤዝመንቱ ወለል ከፍሳሽ መስመሩ በታች ከሆነ ደግሞ ፓምፕ ይጨመራል። ተዉት። ብርጭቆውን በትሪ ይዞ ወደ ላይ መውጣት በነጻ ነው። እዚህ የምናየው ውሃ የሌለው ባር ነው።

እርጥበቱን ቀድማችሁ እወቁ

ሁለት ጫማ በሁለት ጫማ የሆነ ፕላስቲክ ቁረጡ። ባዶው ሊሾ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉና ሁለት ቀን ተዉት። ስታነሱት ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ፣ እርጥበት ከመሬት እየመጣ ነው። ምንም እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ውጭ ውጡና አሸንዳውን እዩ። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር የሚፈስ ከሆነ ማራዘሚያ ቱቦ ግዙለት፤ ርካሽ ነው። ውስጥ ደግሞ የእርጥበት መምጠጫ ማሽን አድርጋችሁ የአየሩን እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ያዙት።

ራዶንም አለ። ከአፈር የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው፣ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ነው። መለኪያው ከእቃ መደብር ይገዛል። ውጤቱ 4 ፒኮኩሪ (የራዶን መለኪያ) በሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስተካክሉ ይላል። ሰው ሰዓታት የሚቀመጥበት ክፍል ስለሆነ አትዝለሉት።

ቦታውን ምረጡ

የኤሌክትሪክ ፓነሉ ፊት 36 ኢንች ጥልቀትና 30 ኢንች ስፋት ባዶ መሆን አለበት። የማሞቂያውንና የቦይለሩን መንገድም አትዝጉ፤ ጠጋኙ አንድ ቀን ይመጣል። ከባንኮኒው ጀርባ ለአስተናጋጁ 36 ኢንች መተላለፊያ ተዉ። ለእያንዳንዱ ዱካ 24 ኢንች ያህል ስፋት ያዙ።

በሩን ፈልጉ

የባር ነፍሱ ክርን የሚያርፍበት ጣውላ ነው። አዲስ ግራናይት ወይም ወፍራም እንጨት ኪስ ያራቁታል። መላው ያገለገለ፣ ውስጡ ድፍን የሆነ የእንጨት በር ነው። ሀቢታት ፎር ሂውማኒቲ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚያንቀሳቅሳቸው ሪስቶር የሚባሉ መደብሮች አሉ፤ ከፈረሱና ከታደሱ ቤቶች የወጣ በር፣ ቁም ሳጥንና መብራት በርካሽ ይሸጣሉ። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስም አለ፤ ትዕግሥት ያለው ሰው በነጻም ያገኛል።

በሩን በጣታችሁ አንኳኩ። እንደ ከበሮ ከጮኸ ውስጡ ባዶ ነውና ተዉት። ድፍኑ ከባድ ነው፤ የሚያግዝ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። 80 ኢንች ርዝመትና 28 ኢንች ስፋት ያለው ከተገኘ መጋዝ እንኳ አያስፈልገውም፣ ሦስት ሰው ተመቻችቶ ይቀመጥበታል። የእጀታው ቀዳዳ አያሳስባችሁ። ወደ አስተናጋጁ በኩል አዙሩትና የቻርጀር ገመድ አሳልፉበት። የማጠፊያው ጭረት በእንግዶች በኩል ስለሚቀር ቀጭን ጣውላ ይሸፍነዋል።

አጽሙን ሥሩ

የባር ባንኮኒ ቁመት 42 ኢንች ነው። በሩ 1 ከ3/8 ኢንች ከወፈረ አጽሙ 40 ከ5/8 ይሆናል። ቱ ባይ ፎር የሚባለውን ሞራሌ ተጠቀሙ። የታችና የላይ አግዳሚው እያንዳንዳቸው 1 ተኩል ኢንች ስለሚይዙ ቋሚዎቹን 37 ከ5/8 ላይ ቁረጡ። የፊቱን ግድግዳ 72 ኢንች አድርጉት፣ ቋሚዎቹን በየ16 ኢንቹ አቁሙ። ከሁለቱም ጫፍ ወደ ኋላ 14 ኢንች የሚገባ አጭር ግድግዳ ጨምሩ። ባለ 8 ጫማ ሞራሌ ስምንት ይበቃል። መደብር ውስጥ ጠማማ አይጠፋምና አንድ በአንድ በዓይናችሁ እያያችሁ አስር ግዙ። ሊሾውን የሚነካው የታችኛው አግዳሚ ግን እንዳይበሰብስ በኬሚካል የታከመው ዓይነት ይሁን።

በሩ ወደ እንግዳው በኩል 10 ኢንች ይውጣ፤ ጉልበት ቦታ ይፈልጋል። ችግሩ እዚህ ነው። ሦስት ሰው በአንዴ ሲደገፍበት ባንኮኒው ወደ ፊት ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ አግዳሚውን በኮንክሪት ቪት ሊሾው ላይ እሰሩት፣ ወይም አንዱን ጫፍ ከግድግዳው ቋሚዎች ጋር በብረት ማዕዘን አያይዙ። በውሃ ልክ እያያችሁ ሥሩ፤ የቤዝመንት ወለል ቀጥ ያለ መስሎ ወደ ውሃ መውረጃው ያዘነብላል።

በሩን ከታች በኩል በቪት ያዙት፣ ከላይ ምንም እንዳይታይ። ፊቱን በኮምፔንሳቶ ወይም በፓሌት (የዕቃ መጫኛ ርብራብ) እንጨት አልብሱት። ፓሌት ከሆነ ማኅተሙን አንብቡ፦ ኤችቲ የሚል በሙቀት የታከመ ነው፣ ኤምቢ የሚለው መርዝ የተነፋበት ስለሆነ አይሁን። ቀለም ስትገዙ ተሳስቶ የተቀላቀለ ካለ ጠይቁ፤ በግማሽ ዋጋና ከዚያም በታች ይሰጣችኋል።

ላዩን በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱና ውሃ ወለድ ፖሊዩሪቴን የሚባለውን የእንጨት ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ቀቡት። ዘይት ወለዱ ጭሱ ሊቀጣጠል የሚችል ነው፤ ጋዝ ቦይለር አጠገብ አትጠቀሙበት።

የቀረው

የእግር ማሳረፊያው ከወለሉ 8 ኢንች ገደማ ላይ ይሁን። ዱካዎቹ 30 ኢንች ይሁኑ፤ ለኩሽና ባንኮኒ የሚሸጡት አጠር ያሉ ናቸውና ለክታችሁ ግዙ። ጀርባው ላይ ያገለገለ የኩሽና ቁም ሳጥን፣ ከላዩ ሁለት መደርደሪያና መስታወት ይበቃል። ብርሌ አንገቱ ቀጭን ሆኖ በቀላሉ ስለሚወድቅ የመደርደሪያው ጠርዝ ላይ አጭር ማገጃ ከንፈር አውጡለት።

ትንሿ ፍሪጅ ከኋላ የምትተነፍስ ከሆነ ቁም ሳጥን ውስጥ አትክተቷት። በማራዘሚያ ሳይሆን በቀጥታ ሶኬት ላይ ሰኩ። አዲስ ሶኬት ካስፈለገ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፤ በጀት ለመቆጠብ ብላችሁ እዚህ አትነካኩ። ልጆች ካሉ መጠጡ ያለበት ቁም ሳጥን በር ቁልፍ ይኑረው።

ጠጅ እቤት ለምትጥሉ፣ የፌዴራሉ ሕግ ለራስ መጠጫ በዓመት ለአንድ አዋቂ እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት እስከ 200 ጋሎን ይፈቅዳል። መሸጥ አይቻልም። እየፈላ ያለውን ጠጅ ግን ጠርሙስ ውስጥ አሽጋችሁ ባሩ ላይ አትደርድሩ፤ ጋዙ ጠርሙሱን ይሰብረዋል።