አመዛዛኝ ድርሰት ለማስተማር፦ ከሙሉ ድርሰት በፊት አንድ አንቀጽ

ተማሪ አመዛዛኝ ድርሰት፣ ማለትም አንድን አቋም በማስረጃ የሚሟገት ጽሑፍ፣ ጻፍ ሲባል ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው አቋም ያለው፣ ቃላቱ ያማሩ፣ በተረትና ምሳሌ የታጀበ ጽሑፍ ነው። የሚጎድለው ማስረጃውን ከአቋሙ ጋር የሚያስር ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ክህሎት «መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ» በማስጠናት ማምጣት አይቻልም። ለአንዲት አንቀጽ 4 ክፍለ ጊዜ መድቡ፤ ጊዜው አይባክንም።

ብዙው ነገር የሚበላሸው ርእስ ሲመረጥ ነው። «ከእውቀትና ከገንዘብ የቱ ይበልጣል?» አንደበት ለማፍታታት ጥሩ ነው። ለጽሑፍ ግን ተማሪው ሄዶ የሚያየው፣ የሚቆጥረው ነገር ስለሌለው ወደ ተረት ይሸሻል። «የትምህርት ቤቱ በር ጠዋት 2፡30 ላይ መዘጋቱ ይቀጥል ወይስ ይቅር?» ብላችሁ ስጡት። አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ልጆች የሚለያዩበት፣ ማስረጃውም እዚያው ግቢ ውስጥ በአንድ ቀን የሚገኝ ርእስ ነው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የቃል ክርክር ይሁን። በላ ልበልሃ የምንለው የሙግት ባህል ያለን ሰዎች ነን፤ ልጆቹም ሲናገሩ አይቸገሩም። ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ስጡ። አንድ ሕግ አለ፦ መልስ ከመስጠቱ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ በራሱ ቃል መልሶ ይናገር፤ ባላጋራውም «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» ይበል። ከዚያ ወገን ይቀያየሩ። በማግስቱ ማስረጃ ይሰብስቡ፦ ያዩትን፣ የቆጠሩትን፣ ጥበቃውን ወይም ያረፈደ ልጅ ጠይቀው የሰሙትን።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የጽሑፍ ነው። በአብዛኛው የሚመጣው ይህን ይመስላል፦

«በሩ መዘጋት የለበትም። ምክንያቱም ሁላችንም እንደምናውቀው ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው። ስለዚህ በሩ መዘጋት የለበትም።»

ምክንያቱ ስለ በሩ አንዳች አይናገርም። «ሁላችንም እንደምናውቀው» የተቀመጠው ማስረጃ መግባት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። «ስለዚህ»ም የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከመድገም በቀር ሥራ የለውም። ይህንኑ ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ከልጆቹ ጋር አቃኑት፦

«በሩ 2፡30 ላይ መዘጋቱ ይቅር። ያረፈደ ተማሪ የሚገባው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። 10 ደቂቃ ያረፈደ ልጅ ሙሉ 40 ደቂቃ ያመልጠዋል ማለት ነው። ደንቡ የወጣው የትምህርት ሰዓት እንዳይባክን ነበር፤ አሁን ግን ከማርፈዱ ይልቅ ብዙ ሰዓት የሚያባክነው ደንቡ ራሱ ሆኗል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አስምሩባት። ማስረጃው ለአቋሙ ለምን እንደሚበጅ የምታስረዳው እሷ ናት፤ ተማሪዎች ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚዘሏትም እሷኑ ነው። እንድትወጣ «ይህ ታዲያ ምን ያሳያል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ራሳቸው ይጻፉ። «ይባላል»፣ «ይነገራል» ስታገኙም «ማን አለ?» በሉ። ተረትና ምሳሌን አትከልክሉ፤ ለቋንቋችን ጌጥ ነው። ግን ከማስረጃው በኋላ ይግባ።

በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ተቃራኒ ሐሳብ ይጨመር። ተማሪ ብቻውን ከጻፈው «አንዳንድ ሰዎች ይቃወማሉ፤ ግን ተሳስተዋል» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ በሌላው ወገን የቆመው ልጅ ጠንካራ ነው የሚለውን መከራከሪያ በባልንጀራው ደብተር ላይ ይጻፍለት፦ «በሩ ክፍት ከሆነ የሚያረፍደው ይበዛል፤ በየደቂቃው የሚገባው ልጅም በሰዓቱ የመጣውን ይረብሻል።» ባለ ደብተሩ ይህን በ2 ዓረፍተ ነገር ይመልስ። እውነት ያለበትን ተቀብሎ «በሩ ይከፈት፤ ያረፈደው ግን በክፍሉ የኋላ በር ገብቶ መጨረሻ ወንበር ላይ ይቀመጥ» ቢል አልተሸነፈም። እንዲህ ያለው መልስ ከፍተኛ ነጥብ ይገባዋል።

እርማቱ ከ10 ይሁን፦ ለአቋም 1፣ ለማስረጃ 3፣ ለማያያዣዋ ዓረፍተ ነገር 4፣ ለተቃራኒ ሐሳብ 2። 60 ደብተር እያንዳንዱ በ2 ደቂቃ ቢታይ 2 ሰዓት ይፈጃል፤ የፊደል ግድፈት ማረም ከጀመራችሁ ግን ሳምንቱ አይበቃም። ግድፈቱ የራሱ ቀን ይኑረው። እንዲህ ያሉ 3 አንቀጾች ሲሞሉ ተማሪው ቅደም ተከተላቸውን ይወስን፤ መግቢያውን ከሁሉ በኋላ ይጻፍ።