በጃቫ ጎተራው ማፕ፣ ጆንያው ጄሰን

ደብረ ብርሃን ላይ እህል ለሚነግዱ አጎቴ የክምችት መመዝገቢያ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሠርቼላቸው ነበር። ገብስ ስንት ኩንታል አለ፣ ባቄላ ስንት፣ ስንዴ ስንት፣ ያን ያሳያል። መረጃው ከስልክ በጄሰን (ዳታ በጽሑፍ መልክ የሚላክበት ቅርጽ) ስለሚመጣ እኔም ብዙ ሳላስብ ውስጡን ሁሉ በጄሰን ኦብጀክት፣ ጄሰንን ጃቫ ውስጥ በሚይዘው ነገር፣ ሠራሁት። አንድ ቀን ስንዴ 0 ብሎ አሳየ። አጎቴም አምነውት ገዢውን ባዶ እጁን መለሱት። ስንዴው ግን መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነገሩ የፊደል ነው። አንዱ ቦታ «ስንዴ»፣ ሌላው ቦታ «ሥንዴ» ተብሎ ገብቷል። ለእኛ አንድ ነው፣ ለጃቫ ግን ሁለት ቁልፍ (መረጃው የሚፈለግበት ስም) ነው። ከጄሰን ኦብጀክቱ ቁጥር ለማውጣት የተጠቀምኩበት «ኦፕት ኢንት» የሚባል ትእዛዝ ደግሞ ቁልፉን ሲያጣ አይጮህም፤ ዝም ብሎ 0 ይመልሳል።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፦ ጄሰን ጆንያ ነው፣ ለመንገድ ነው የሚሞላው። ዳታው ሲገባና ሲወጣ ብቻ ተጠቀሙበት። ቤት የሚቀመጠው ጎተራ ውስጥ ነው፤ ጎተራችሁ ማፕ ይሁን፤ ማፕ ማለት ጃቫ ውስጥ ቁልፍን በሥሩ ከሚቀመጠው ቫልዩ ጋር አጣምሮ የሚይዝ ነው።

ማፕ ላይ ቁልፉ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ነው፣ ቫልዩው ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ነው ካላችሁ፣ ሌላ ነገር ልትከቱበት ስትሞክሩ ኮዱን ከመሥራቱ በፊት የሚተረጉመው ኮምፓይለር እዚያው ይይዛችኋል። ጄሰን ኦብጀክት ቁጥርም ጽሑፍም ዝርዝርም ይቀበላል፤ ስህተቱ የሚወጣው ፕሮግራሙ ሥራ ላይ እያለ ነው። ደግሞ የጄሰን ቁልፍ ሁሌም ስትሪንግ ነው። በማፕ ግን ኢነም (አስቀድሞ የተወሰነ የስሞች ዝርዝር) ቁልፍ ማድረግ ይቻላል፣ ለዚህም ኢነም ማፕ የሚባል አለ። ጃቫ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ስለሚቀበል ኢነሙ ውስጥ ራሱ ስንዴ ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፤ ኮዱ ውስጥ ሥንዴ ብትሉ ኮምፓይል አያደርግም።

ከማፖቹ ቅደም ተከተል ካላስጨነቃችሁ ሃሽ ማፕ ይበቃል። በገባበት ተራ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ ሊንክድ ሃሽ ማፕ፣ በፊደል ተራ ከሆነ ትሪ ማፕ። ከማፕ ማውጫው «ጌት» ቁልፉን ሲያጣ ነል (ምንም የለም ማለት) ይመልሳል፣ ያንን ቀጥታ ኢንት፣ ማለትም ነል መሆን የማይችል ቁጥር፣ ውስጥ ካስገባችሁት ፕሮግራሙ ይወድቃል። ከጃቫ 8 ጀምሮ ያለው፣ ቁልፉ ሲጠፋ እናንተ የሰጣችሁትን የሚመልሰው «ጌት ኦር ዲፎልት» ያድናችኋል፤ ግን 0 ከሰጣችሁት ያው የእኔ ስህተት ነው የሚደገመው። ለክምችት ቁልፉ መኖሩን መጀመሪያ ጠይቁ።

ቅርጹን የማታውቁትን ዳታ ተቀብላችሁ እንዳለ ለሌላ የምታስተላልፉ ከሆነ ጄሰን ኦብጀክቱን አትንኩት። የነጋዴ ስም፣ ስልክና ዋጋ ዓይነት የታወቀ ነገር ሲሆን ግን ከሁለቱም ሬከርድ (የእያንዳንዱ መረጃ ስምና ዓይነት ቀድሞ የሚወሰንበት) ይሻላል፣ ጃቫ 16 ላይ ጸድቋል።

በሩ ላይ፣ ጄሰኑን ወደ ማፕ ስትገለብጡ፣ ፊደሉን እዚያው አንድ አድርጉት፦ ሠን ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን ወደ አ። ግዕዙን ብቻ ቀይራችሁ እንዳትተዉት፣ እስከ ሳብዕ ሁሉንም። እኔን የጎዳኝ ሳድሱ ነው።