የጉሮሮ ሕመም ለልብ ሕመም እንዳይዳርግ
ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆነው ልጅ ድንገት ትኩሳት ይዞት፣ ምግብ መዋጥ አቅቶት፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጥቶበት ሳልና ንፍጥ ግን ከሌለው፣ ጉንፋን ነው ብሎ ከመተው ይልቅ ሐኪም እንዲያየው ማድረግ ይገባል። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣና በራሱ ጊዜ የሚድን ቢሆንም፣ እነዚህ ምልክቶች የቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያን ያስጠረጥራሉ። የባክቴሪያውን ገጽ የሸፈነው ኤም የተባለው ፕሮቲን ነጭ የደም ሴሎች በቀላሉ እንዳይውጡት ይከላከልለታል፤ ይባስ ብሎ ፕሮቲኑ ከልብ ሕብረ ሕዋስ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያመረታቸው ፀረ እንግዳ አካላት፣ ጉሮሮው ከታመመ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ገደማ በኋላ፣ የራሱን ልብ፣ በተለይም ቫልቮቹን (ደም የሚያልፍባቸውን የልብ በሮች)፣ ሊያጠቁ ይችላሉ። የሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው ይህ ነው።

ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ ተገቢው አንቲባዮቲክ ከተጀመረ ይህን መዘዝ በአብዛኛው መከላከል ይቻላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን መድኃኒቱን በመጨረስ ላይ ነው፦ ትኩሳቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚበርድ የሚዋጠው ፔኒሲሊን ይቋረጣል፣ ባክቴሪያው ግን ጉሮሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ የታዘዘውን 10 ቀን ሙሉ መውሰድ ያስፈልጋል። ይህ ለሚያስቸግረው ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይስማማው እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይበጃል፤ የፔኒሲሊን አለርጂ ካለበት ደግሞ አስቀድሞ መናገር የግድ ነው።