ኢንተርቫል ወይስ ዎክ? ስፖርት ስትጀምሪ ልታስወግጃቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክብደት ጨምረሻል እንበል። ስፖርት ለመጀመርም ቆርጠሻል። ወዲያው ምክር ይዘንባል። አንዷ ጓደኛሽ «ኢንተርቫል ካልሠራሽ ቦርጭ አይጠፋም» ትልሻለች። ሌላዋ ደግሞ «ምን አስጨነቀሽ፣ በየቀኑ ዎክ አድርጊ» ትላለች። ኢንተርቫል ማለት ለአጭር ጊዜ ጠንከር አድርጎ መሥራት፣ ቀዝቀዝ ማለት፣ ከዚያ እንደገና ጠንከር ማድረግ ነው። ሌላው መንገድ በአንድ ፍጥነት ሳያቋርጡ መሥራት ነው፤ ዎክ፣ ሳይክል ወይም ዋና ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ውጤት አላቸው። ብዙ ሴቶች ገና ሳይዘልቁ የሚያቆሙት አጀማመራቸው ላይ በሚፈጠር ስህተት ነው።

የሌላ ሰው ፍጥነት መኮረጅ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ከዚህ የሚመጡ ናቸው።

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ለዓመታት የሠሩ ልጆች ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል ይሉታል። አዲስ የመጣችው ሴት ከኋላቸው ትከተላለች። ትንሽ እንደሄደች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ ትላለች። ልጆቹ አልፈዋት ሲመለሱ እሷ ገና እዚያው ናት። በማግስቱ እግሯ ተሳስሮ ከአልጋ መውረድ ያቅታታል። «እኔ ለስፖርት አልተፈጠርኩም» ብላ በዚያው ትቀራለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ለለመደውም ቢሆን ዳገቷ ያስተነፍሳል።

ቪዲዮ ላይ የሚታየው «ታባታ» የሚሉት እንቅስቃሴም ያው ነው። ስሙ የመጣው ከጃፓናዊው ተመራማሪ ከኢዙሚ ታባታ ነው። እሱና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት 20 ሰከንድ በሙሉ ኃይል፣ 10 ሰከንድ እረፍት፣ እንዲህ እያሉ 7 ወይም 8 ዙር የሚሠራ ነበር። የሠሩት ግን ስፖርት የለመዱ ወጣት ወንዶች ናቸው። ደግሞም በማይንቀሳቀስ ሳይክል ላይ ተቀምጠው ነው እንጂ እየዘለሉ አልነበረም። ይህን ወስዶ 90 ኪሎ የምትመዝን ጀማሪ ሴትን ሳሎን ውስጥ ማዝለል ተገቢ አይደለም።

ጠንካራ የሚባለው በራስሽ አቅም ሲለካ ነው። ከ0 እስከ 10 ብትሰጪው ፈጣኑ ክፍል 7 ወይም 8 ላይ ይሁን፤ ሁለት ሦስት ቃል እንጂ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር የሚያቅትሽ ቦታ ማለት ነው። ለብዙ ጀማሪዎች እዚያ ለመድረስ ዳገት ላይ ፈጠን ብሎ መራመድ ከበቂ በላይ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን መንገድ አንድ ደቂቃ ፈጠን ብለሽ ውጪው፤ ይገባሻል። ሩጫ የግድ አይደለም።

እረፍቱን ማሳጠር

«ካረፍኩማ ምኑን ሠራሁት?» የሚሉ አሉ። የኢንተርቫል ግማሹ ግን እረፍቱ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ትሮንድሄይም ያሉ ተመራማሪዎች በደንብ ያጠኑት አሠራር አለ። 4 ደቂቃ ጠንከር፣ 3 ደቂቃ ቀስ፣ እንዲህ 4 ጊዜ ነው። ልብ በይ፣ እረፍቱ ከሥራው ብዙም አያንስም። ለጀማሪ እሱም ይከብዳል። እኔ የምመክርሽ 10 ደቂቃ ተሟሙቀሽ፣ 1 ደቂቃ ፈጠን፣ 2 ደቂቃ ቀስ፣ ይህን 6 ጊዜ። ሁሉም 28 ደቂቃ ነው፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቀስ ብለሽ ተራምደሽ ጨርሺ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ ቢበዛ ሦስት። በተከታታይ ቀናት ግን አታድርጊው። መሐል ያሉትን ቀናት ዎክ አድርጊባቸው።

ዎኩን ሽርሽር ማድረግ

ከጓደኛ ጋር ሱቅ እያዩ መንሸራሸር ደስ ይላል፤ ከመቀመጥም ይሻላል። ልብና ሳንባን ለማጠንከር ግን ትንሽ ያንሳል። ማውራት እየቻልሽ መዝፈን ካቃተሽ ፍጥነቱ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራም ቢያንስ ሁለት ቀን። ይቺን የመጨረሻዋን ሴቶች በጣም እንረሳታለን።

«ኢንተርቫል ስብ ያቀልጣል» ብሎ ማመን

ኢንተርቫልንና በአንድ ፍጥነት መሥራትን ያነጻጸሩ ጥናቶች ሲደመሩ ክብደትና ስብ በመቀነስ ረገድ ልዩነታቸው በጣም ትንሽ ነው። ከሠራሽ በኋላም ሰውነት ኃይል ማቃጠሉን ይቀጥላል የሚባለው እውነት ነው፤ መጠኑ ግን እንደሚወራው አይደለም። ኢንተርቫል የሚበልጠው በሁለት ነገር ነው። ጊዜ ይቆጥባል፤ የልብና የሳንባን አቅምም ብዙ ጊዜ በተሻለ ያሳድጋል። ልጅ፣ ሥራና ቤት ለሚያሯሩጣት ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኪሎ መቀነስ ዋናው ግብሽ ከሆነ ግን ሳህኑ ላይም መወሰን አለብሽ። የጾም ምግብ ነው ተብሎ ዘይቱ ሲንሳፈፍ ዝም አይባልም።

ላስቲክ ጠምጥሞ መሥራት

ይህ በጣም ያሳስበኛል። ሆድ ላይ ላስቲክ ወይም ፌስታል ጠምጥመው፣ ላዩ ላይ ሹራብ ደርበው የሚሮጡ ሴቶች አሉ። ሲፈቱት ውኃው ጠብ ጠብ ይላል፤ ሚዛኑም የቀነሰ ይመስላል። የወጣው ላብ ነው። ሁለት ብርጭቆ ውኃ ስትጠጪ ይመለሳል። ሰውነት ሙቀቱን ማስወጣት ሲያቅተው ደግሞ ራስን ስቶ እስከ መውደቅ ያደርሳል። ከሚዛኑ ይልቅ ወገብሽን በወር አንዴ በሜትር ለኪው። ያንኑ ዳገት በስንት ደቂቃ እንደምትወጪውም መዝግቢ። ኪሎው ባለበት ቆሞ እነዚህ ሲሻሻሉ ታያለሽ።

ሽንት እያመለጠ ዝም ማለት

ማንም አያወራውም፤ ከወለዱ በኋላ ግን ብዙዎች አለባቸው። ስትዘይ ወይም ስትሮጪ ትንሽ ሽንት ካመለጠሽ አትፈሪ። ስፖርቱንም አትተይ። ዝላዩን በዳገት እርምጃ ወይም በሳይክል ተኪው። ሽንት እንደያዝሽ አድርገሽ የታችኛውን ጡንቻ ለጥቂት ሰከንድ ማጥበቅና መልቀቅን ልመጂ። ካልተሻለሽ ሐኪም አማክሪ፤ የሚታከም ነገር ነው። ጉልበት ለሚያማትም ሳይክልና ዋና ይሻላሉ።

የምትወስጂውን መድኃኒት ከግምት አለማስገባት

ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ የልብ ምት መገመት የተለመደ ነው። ለ40 ዓመት ሴት ከፍተኛው 180 ይመጣል። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ። አንዳንዶቹ የልብ ምትን ስለሚቀንሱ ቁጥሩ ያሳስትሻል፤ በትንፋሽሽ ተመሪ። ደረት ላይ ጭንቅ የሚያደርግ ሕመም፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው አቁሚና ወደ ሕክምና ሂጂ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስጂ ደግሞ በጾም ሰዓት ባዶ ሆድሽን ኢንተርቫል አትሥሪ፤ ሰዓቱን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት። ስትወጪም ኪስሽ ውስጥ ከረሜላ ይኑር።