አስታዋሽ ሲሞላ እንዲህ ይሞላ

ስልክህ ጮኾ «ይሄ ደግሞ ለምን ነበር?» ካልክ፣ ችግሩ የጻፍከው ላይ ነው። «እድር» ብቻ ብለህ አትጻፍ። «ከሥራ ስትወጣ የእድሩን ብር ለጸሐፊው ስጥ» በል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 እ.ኤ.አ. የጻፈውም ይህንኑ ነው፤ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው፣ አደርጋለሁ ብቻ ካለው ይልቅ ያሰበውን ይፈጽማል።

ሰዓቱ ላይ በጣም ተጠንቀቅ። ስልክህ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት እዚያ 8:00 ነው። ዝም ብለህ 2:00 ብትሞላ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቤተሰቡን ሁሉ ይቀሰቅስልሃል።

ወር በገባ በ12 የሚሰበሰብ እድር ካለህ ደግሞ «በየወሩ» የሚለውን አትምረጥ፤ እሱ የሚቆጥረው የፈረንጁን ወር ስለሆነ ቀስ በቀስ ቀኑ ይዛባብሃል። «በየ30 ቀኑ» አድርገው፤ የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ልክ ይመጣል። ጳጉሜን ግን 5 ወይም 6 ቀን ስለምትጨምር መስከረም ላይ እንደገና አስተካክለው።

ደወሉ መጮኽ ያለበት ነገሩን ማድረግ በምትችልበት ሰዓት ነው። ጅማ ላለን፣ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ የምንገዛውን ረቡዕ ማታ ቢያስታውሰን ምን ይረባል? ሐሙስ ከቤት ልትወጣ ስትል ይጩኽ። ለክረምቱ ዝናብ ስልክም አያስፈልግህም፣ ጃንጥላውን በሩ እጀታ ላይ ስቀለው።

ደወሉን ደግሞ «ቆይቶ» እያልክ አትግፋው። አሁን ካልተመቸህ የሚመችህን ሰዓት እዚያው ሙላና ዝጋው።