ሽቦውን ከመቁረጣችሁ በፊት መጋቢ መስመሩን ምረጡ

"ለ40 ሜትር ባንድ ስንት ሜትር ሽቦ ልቁረጥ?" ለአማተር ሬዲዮ ዳይፖል፣ ማለትም መሃሉ ላይ የሚመገብ ባለ ሁለት ክንፍ የሽቦ አንቴና፣ መሥራት የጀመረ ሰው ሲደውልልኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ይህን ነው (ባንዱ የሚጠራው በሞገዱ ርዝመት ነው)። መልሱ አጭር ነው፤ 142.6ን በሜጋኸርዝ ለተገለጸው ፍሪኩዌንሲ ማካፈል ነው። ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20.1 ሜትር ይወጣል፣ በየክንፉ 10 ሜትር ከ5 ሳንቲ ማለት ነው። ለማሰሪያና ለማስተካከያ በየጫፉ ትንሽ ትርፍ ተዉበት፣ አለቀ። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነው። ስንት ባንድ ላይ ልትሠራ ነው? ከሬዲዮው እስከ ሽቦው ድረስ ኃይሉን በምን ልትወስደው ነው? መጋቢ መስመር የምለው ይህንኑ ነው። ይህ ሳይወሰን ፒንሳ ባይነሣ ይሻላል።

የግማሽ ሞገድ ዳይፖል መሃሉ ላይ ሲመገብ፣ በዙሪያው ምንም በሌለበት ሕዋ ቢሆን፣ ኢምፒዳንሱ (ለሬዲዮው ጅረት የሚያሳየው ተቃውሞ) 73 ኦም ገደማ ነው። በጓሮ ከፍታ ላይ ከዚህ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ክንፎቹን ወደ ታች አዘቅዝቃችሁ ብትሰቅሉት ወደ 50 ኦም ይጠጋል። የሬዲዮው መውጫ 50 ኦም፣ የተለመደው ኮአክሲያል ገመድም (በመሃሉ አንድ ሽቦ፣ በዙሪያው መረብ ያለው) 50 ኦም ስለሆነ ሁሉም ይስማማል። ስምምነቱ ግን የሚጸናው ሽቦው በተቆረጠለት ባንድ ላይ ብቻ ነው። ያንኑ የ40 ሜትር ዳይፖል በ20 ሜትር ባንድ (14 ሜጋኸርዝ) ብታሠሩት እያንዳንዱ ክንፍ ራሱን የቻለ ግማሽ ሞገድ ይሆናል፣ መሃሉ ላይ ያለው ኢምፒዳንስም ወደ ብዙ ሺህ ኦም ይወጣል።

እዚህ ላይ "ቱነር አለኝ እኮ" የሚለኝ ብዙ ነው። ቱነር፣ ማለትም ኢምፒዳንስ ማስማሚያው ሳጥን፣ የሚያስታርቀው ሬዲዮውን ከገመዱ ጋር ነው። በገመዱና በአንቴናው መካከል ያለውን ጠብ አይነካውም። ኃይሉ አንቴናው ዘንድ ይደርስና አብዛኛው ይመለሳል፣ ከቱነሩ ተመልሶ እንደገና ይወጣል፣ ደግሞም ይመለሳል። በሚያፈስ ጀሪካን ውሃ እንደ ማመላለስ ነው፤ በእያንዳንዱ ምልልስ የተወሰነው መንገድ ላይ ይቀራል። የጠቡን መጠን የምንለካው በኤስደብሊውአር ነው፤ ፍጹም ስምምነት 1 ነው፣ የሚመለሰው ኃይል ሲበዛ ቁጥሩ ይጨምራል። 30 ሜትር የሚሆን አርጂ 58 የተባለው ቀጭን ኮአክሲያል በ14 ሜጋኸርዝ ላይ ኤስደብሊውአሩ 80 አካባቢ ከሆነ 12 ዲሲቤል (የኃይል ንጽጽር መለኪያ ነው) ያህል ይጠፋል። 100 ዋት ብትልኩ ሽቦው ዘንድ የሚደርሰው 6 ዋት ያህል ነው። የቀረው ገመዱን ያሞቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን የቱነሩ መርፌ ፍጹም ሰላም ነው ይላል።

ስለዚህ ዝቅተኛ ኤስደብሊውአርን ብቻ አይቶ መደሰት አያዋጣም። 60 ሜትር አርጂ 58 ዘርጉና ጫፉ ላይ ምንም ሳታስሩ በ28 ሜጋኸርዝ ለኩት፤ 2 አካባቢ ይነበባል። አንቴና በሌለበት! የሄደው ኃይል ሲመለስ ገመዱ ውስጥ ስለሚያልቅ መለኪያው የሚያየው መመለሻ ትንሽ ይሆናል። ኪሳራ ያለበት ገመድ መጥፎ አንቴናን ጥሩ አስመስሎ ያሳያል።

የምትሠሩት በአንድ ባንድ ብቻ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ፣ ኮአክሲያል ይበቃችኋል። የገመዱ ዓይነት ግን ለውጥ አለው። በ14 ሜጋኸርዝ፣ በ30 ሜትር ርዝመት፣ አንቴናው በደንብ ተስማምቶም ቢሆን፣ አርጂ 58 ከ100 ዋት 70 ያህሉን ያደርሳል፤ ወፈር ያለው አርጂ 213 ደግሞ 84 ያህሉን። ከ10 ሜትር ለማይበልጥ ርቀት ቀጭኑ ይበቃል፣ ገንዘባችሁን ለጥሩ ማገናኛ አውሉት። አንድ ጥቅምም አብሮ ይመጣል። የ40 ሜትር ዳይፖል በ15 ሜትር ባንድ (21 ሜጋኸርዝ) አካባቢ በሦስተኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም በፍሪኩዌንሲው ሦስት እጥፍ፣ ስለሚስማማ፣ በመጠኑ ቱነር ረድቶት በኮአክሲያል ሁለት ባንድ ይሰጣችኋል። የሚስማማው ከ7.1 ሦስት እጥፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፣ ከ21.3 በላይ ብታገኙት አትደንግጡ። 20 ሜትር ባንድ ከፈለጋችሁ በዚያው መመገቢያ ላይ በየጎኑ 5 ሜትር ገደማ የሆነ ሁለተኛ ጥንድ ሽቦ ማንጠልጠል ይቻላል። ጫፎቹን ከረጅሙ ሽቦ አርቁ፣ ረጅሙን መጀመሪያ አስተካክላችሁ አጭሩን ቀጥሉ።

ኮአክሲያል የመረጠ ሰው መዝለል የሌለበት ነገር ቢኖር ቾኩ፣ ማለትም በገመዱ ውጫዊ ገጽ የሚሄደውን ጅረት የሚያግደው ነው። ዳይፖል ሁለት እኩል ክንፍ ያለው ሚዛናዊ ነገር ነው፣ ኮአክሲያል ግን አይደለም። የገመዱ መከለያ መረብ በውስጥ በኩል አንድ ጅረት ይሸከማል፣ በውጭ በኩል ደግሞ ሌላ ጅረት ሊሸከም ይችላል። መመገቢያው ላይ ዝም ብላችሁ ካያያዛችሁት የገመዱ ውጫዊ ገጽ ሦስተኛ ክንፍ ይሆናል። ስትናገሩ ማይክሮፎኑ ያቃጥላችኋል፣ የጎረቤት ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፤ ስታዳምጡ ደግሞ በቤት ውስጥ ያለው የቻርጀርና የኤልኢዲ አምፖል ጫጫታ በገመዱ ላይ ተሳፍሮ ወደ መቀበያው ይገባል። ብዙ ሰው "ባንዱ ሞቷል" ሲለኝ ሄጄ የማገኘው ይህንን ነው። መድኃኒቱ አንድ ለአንድ የሆነ፣ ማለትም ኢምፒዳንሱን የማይለውጥ፣ "የጅረት ባለን" የሚባለው ነው፤ ቾክ ያልኩት እሱን ነው። ኤፍቲ 240 የሚባለውን፣ ሚክስ 31 ከተባለው ቅይጥ የተሠራውን የፌራይት (መግነጢሳዊ ሸክላ) ቀለበት ገዝታችሁ ገመዱን ከ10 እስከ 12 ዙር ጠምጥሙበትና ልክ መመገቢያው ሥር አስቀምጡት። መሥራቱን ለማወቅ ኤስደብሊውአሩን እያያችሁ ገመዱን በእጃችሁ ጨብጡ ወይም አንቀሳቅሱት፤ ንባቡ ከተቀያየረ ጅረቱ አሁንም በውጭ እየሄደ ነው።

ውሃ ደግሞ አለ። የኮአክሲያሉ የተከፈተ ጫፍ ወደ ላይ እያየ ከቀረ ዝናቡን በመረቡ ውስጥ ይስባል፣ መዳቡም ይጠቁራል፣ ገመዱ በወራት ውስጥ ይበላሻል። ጫፉን ወደ ታች አዙሩት፣ እርስ በርሱ የሚዋሃደውን የጎማ ቴፕ አጥብቃችሁ ጠምጥሙ፣ በላዩ ናስትሮ ድገሙበት። ናስትሮ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ጓሮዬ ውስጥ ባሉ ሁለት ኦክ ዛፎች መካከል፣ 12 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ 20 ሜትር ሽቦ ተዘርግቷል፤ የሚመገበው በኮአክሲያል ሳይሆን 450 ኦም በሆነው፣ መሰላል በሚመስለው ባለ ሁለት ሽቦ መስመር ነው። ቦታና ሁለት ዛፍ ያለው፣ ከአንድ ባንድ በላይ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ ደስ ይለኛል። መስመሩ ላይ ኤስደብሊውአር መኖሩ አልቀረም፤ ነገር ግን የመስመሩ ኢምፒዳንስ ከፍ ያለ ስለሆነ ጅረቱ ትንሽ ነው፣ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለውም በአብዛኛው አየር ነው፤ ስለዚህ ኃይሉ ሲመላለስ የሚጠፋው ጥቂት ነው። ቅድም በቀጭኑ ኮአክሲያል 6 ዋት ብቻ የደረሰበት ያው 20 ሜትር ባንድ በዚህ መስመር ወደ 90 ዋት ያገኛል። ሽቦው አልተለወጠም፣ ከፍታው አልተለወጠም፣ የተለወጠው መስመሩ ብቻ ነው።

ለእኔ ሌላም ምክንያት አለው። ከዋሽንግተን አካባቢ አዲስ አበባ ያለችው በ66 ዲግሪ አቅጣጫ፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነው። በካርታ ላይ ወደ ምሥራቅ ብቻ ትመስላለች፣ የምድርን ክብነት ተከትሎ ግን የሬዲዮው መንገድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነሣል። ዳይፖል የሚያበረታው ከሽቦው ጎን ለጎን ስለሆነ ሽቦዬን ከሰሜን ትንሽ ወደ ምዕራብ አዘንብዬ ወደ ደቡብ ዘርግቼዋለሁ። 20 ሜትር ባንድ ላይ ሁለቱ ክንፎች ሁለት ግማሽ ሞገድ ሆነው አብረው ስለሚገፉ ከአንድ ተራ ዳይፖል ላይ ከ1.5 ዲሲቤል በላይ ይጨምራሉ፣ ያውም ልክ በምፈልገው አቅጣጫ። 12 ሜትር በዚህ ባንድ ከግማሽ ሞገድ ስለሚበልጥ ጨረሩም ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ ለሩቅ አገር የሚጠቅመው ይኸው ዝቅ ያለው ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ ሲጠራ ለመስማት ጆሮውን የሚያቆም ሰው ይህን ስሌት መሥራቱ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ከፍ ባሉ ባንዶች ግን ቅርጹ ይለወጣል። በ10 ሜትር ባንድ (28 ሜጋኸርዝ) እያንዳንዱ ክንፍ ሙሉ ሞገድ ስለሚሆን በጎኑ በኩል ጸጥ ይላል፣ ኃይሉም በአራት ሰያፍ አቅጣጫ ይወጣል። ለአዲስ አበባ የሰቀላችሁት ሽቦ በዚያ ባንድ አዲስ አበባን ይስታል።

ባለ ሁለት ሽቦ መስመር ሥርዓት ይፈልጋል። በብረት አጠገብ አታሳልፉት፤ ከአሸንዳ፣ ከመስኮት ፍሬም፣ ከቆርቆሮ ቢያንስ የስፋቱን ሦስትና አራት እጥፍ ይራቅ። መሬት ላይ አይተኛ፣ የተረፈው አይጠቅለል። ከአንቴናው ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ በነፋስ እንዳይወላውል በየሜትሩ አንዴ ይጠምዘዝ። ፕላስቲክ የለበሰው ዓይነት ዝናብና በረዶ ሲያገኘው ማስተካከያው ይንሸራተታል፣ ቱነሩን መልሶ መንካት ያስፈልጋል። ወደ ቤት የሚገባበት ቦታ ከባድ ከሆነ ግድግዳው ውጭ አንድ ለአንድ ባለን አስቀምጡና ከዚያ እስከ ቱነሩ ወፍራም ኮአክሲያል ተጠቀሙ፣ ግን አጭር ይሁን፣ ሁለት ሦስት ሜትር። አራት ለአንድ የሆነውን፣ ኢምፒዳንሱን ለአራት የሚያካፍለውን ባለን፣ ሰዎች እንደ ደንብ ይገዛሉ፤ መስመሩ ታች ሲደርስ ኢምፒዳንሱ በአንዳንድ ባንድ ዝቅተኛ ስለሚሆን አራት ለአንዱ ይባስ ዝቅ ያደርገዋል። እኔ አንድ ለአንድ እመርጣለሁ። ሬዲዮው ውስጥ ያለው ቱነር አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ለ1 በላይ የሆነ ኤስደብሊውአር ስለማይሞክር ሰፊ አቅም ያለው የውጭ ቱነር ያስፈልጋችኋል። አንድ ባንድ አልስማማ ካለ መስመሩን በአንድ ወይም በሁለት ሜትር አርዝሙት ወይም አሳጥሩት።

ልጆች ያላችሁ ይህን በጥሞና አንብቡ። 100 ዋት በ4,000 ኦም ላይ ከ600 ቮልት በላይ ነው። መስመሩ እጅ በማይደርስበት ይለፍ። የትኛውንም አንቴና ስትሰቅሉ ቢወድቅ እንኳ የመብራት ኃይል መስመር የማይነካበት ቦታ ምረጡ፣ ለመብረቅ ደግሞ ከቤቱ መሬት ጋር የተያያዘ የመሬት ዘንግ ይኑራችሁ። ደመና ሲጠቁር መስመሩን ከሬዲዮው ንቀሉ።

አፓርታማ ለምትኖሩ ምርጫው ይጠብባል። የእህቴ ልጅ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳው ወደ አንድ ዛፍ ሽቦ ዘርግቷል። መሃል ላይ የሚወርድ መስመር ለመስቀል ቦታ የለውም፣ ስለዚህ ከጫፍ ይመግበዋል። የግማሽ ሞገድ ሽቦ ጫፍ 2,500 ኦም አካባቢ ስለሆነ 49 ለ 1 የሆነ ትራንስፎርመር ይደረግለታል፤ በፌራይት ቀለበት ላይ 2 ዙር ለ14 ዙር መሆኑ ነው፣ 7 በ7 ሲባዛ 49። 20 ሜትር ሽቦ በዚህ መንገድ 40፣ 20፣ 15ና 10 ሜትር ባንዶችን ያለ ቱነር ወይም በትንሽ ቱነር ይሰጣል። ዋጋው ግን አለ። ትራንስፎርመሩ የተወሰነ ኃይል በሙቀት ይበላል፣ የገመዱ መከለያም የአንቴናው አካል ይሆናል። ከትራንስፎርመሩ ሁለት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቾክ ካላደረጋችሁ የሕንፃውን ጫጫታ ሁሉ ወደ ክፍላችሁ ትጋብዛላችሁ። በተረፈ ከመሃል ወደ አንድ ሦስተኛው ተጠግቶ፣ 6.7 እና 13.4 ሜትር ሆኖ፣ በአራት ለአንድ ባለን የሚመገበውም ይሠራል፤ 40፣ 20ና 10 ይሰጣል። 15 ሜትር ላይ ግን መመገቢያው ጅረት በሌለበት ነጥብ ላይ ስለሚወድቅ አይሆንም።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ የፈቃዱን ነገር ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጠይቃችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ፣ ጥሩ ኮአክሲያል አጣሁ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ባለ ሁለት ሽቦ መስመር በቤት ይሠራል። ለቤት መብራት የሚሸጠውን 2.5 ካሬ ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ ሁለት ጥቅል ግዙ፣ ከፒቪሲ ቱቦ 12 ሳንቲ የሆኑ ቁርጥራጮች አዘጋጁ፣ ሽቦዎቹ በ10 ሳንቲ እንዲራራቁ ቀዳዱና በየግማሽ ሜትሩ እሰሩ። 560 ኦም ገደማ ይሆናል፣ ኪሳራውም ከሱቁ አይብስም። ምሰሶ ለማግኘት ባሕር ዛፍ አለላችሁ። የቆርቆሮ ጣሪያው ግን ለአንቴናው እንደ መሬት ስለሚሆን ከፍታውን ከጣሪያው ቁጠሩ እንጂ ከግቢው አፈር አይደለም። ሽቦው ከቆርቆሮው ሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ኃይላችሁ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ለድሬዳዋና ለመቀሌ ይበቃ ይሆናል፣ ለሩቅ አገር ግን አይሆንም። መስመሩንም በጣሪያው ላይ አታስተኙት፤ ከጣሪያው ጠርዝ አንድ ክንድ ወጣ ባለ እንጨት ላይ አሳልፉትና በመስኮት አስገቡት።